ስክሪን ላይ ያለው 40 እና ማይክሮስኮፑ ላይ ያለው 40

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሐረር ሆኜ አየሁት። ለሌሎቻችሁም ግልጽ እንዲሆን በአጭሩ ልድገመው። ጠያቂዋ ድሬዳዋ ናት፤ ሌላ ቦታ ስካን የተደረገ የጡት ዕጢ ስላይድ (በመስታወት ላይ የተዘረጋ ስስ የዕጢ ቁራጭ) በፋይል ደርሷት ኪውፓዝ በተባለው የስላይድ ምስል ማያ ፕሮግራም ከፍታዋለች። መስመር ስታሰምር ልኬቱ በፒክስል ይወጣባታል። ማይቶሲስ (በመከፋፈል ላይ ያለ ሴል) የሚቆጠርበትን «10 ሃይ ፓወር ፊልድ»፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ በከፍተኛ ማጉያ የሚታዩትን አሥር ክብ ቦታዎች፣ ደግሞ ስክሪን ላይ በየትኛው መሣሪያ እንደምትይዘው ጠይቃለች።

ሁለቱም ችግሮች የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ፒክስል ስንት ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) እንደሆነ ካላወቀ የትኛውም መሣሪያ አይጠቅምሽም። ስለዚህ ምንም ከማስመርሽ በፊት በግራ በኩል «ኢሜጅ» የሚለውን ገጽ ከፍተሽ የፒክስሉን ስፋት እዪ። በ40 እጥፍ ማጉያ ስካን የተደረገ ስላይድ አብዛኛውን ጊዜ 0.25 ማይክሮን አካባቢ፣ በ20 የተደረገው 0.5 አካባቢ ያሳያል። ያንቺ ላይ ቁጥሩ የለም ማለት የተላከልሽ ዋናው ፋይል ሳይሆን ከእሱ ተቆርጦ ወደ ጄፔግ ወይም ወደ ተራ ቲፍ የተቀየረ ምስል ሳይሆን አይቀርም። ዋናውን አስልኪ። ካልተቻለ ስካን ያደረገውን ላብ ቁጥሩን ጠይቂና መስመሩን ሁለቴ ተጭነሽ አስገቢው። «መቼም 0.25 ነው» ብለሽ በግምት እንዳትሞዪው አደራ።

ካስገባሽ በኋላ አንድ ማረጋገጫ አለ። የደም ሥር ውስጥ ክብ ሆኖ የተኛ ቀይ የደም ሴል ፈልጊ፣ የኤል ቁልፍን ተጫኚና ከዳር እስከ ዳር አስምሪበት። 7 ማይክሮን አካባቢ መምጣት አለበት፤ ስላይዱ ሲዘጋጅ በፎርማሊንና በፓራፊን ስላለፈ ትንሽ ቢያንስ አይገርምም። 3 ወይም 14 ካለሽ ግን የገባው ቁጥር ስህተት ነው፣ ወደ ኋላ ተመለሺ።

አሁን ወደ ቆጠራው። ስክሪኑ ላይ 40 የሚል ጽሑፍ ስታዪ «ይኼው ሃይ ፓወር ፊልድ» ብለሽ አሥር ስክሪን እንዳትቆጥሪ። በማይክሮስኮፕ የአንድ ፊልድ ስፋት የሚወሰነው በኦብጀክቲቩ (ወደ ስላይዱ የሚጠጋው ሌንስ) እና በአይፒሱ (በዓይን የሚታይበት ሌንስ) ነው። አይፒሱ ላይ 10 ከሚለው ጎን 20 የሚል ካለ፣ በ40 ኦብጀክቲቭ የፊልዱ ዲያሜትር 0.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ አሥሩ ሲደመር 1.96 ካሬ ሚሊሜትር ነው። 22 የሚል ከሆነ 2.38 ይደርሳል፣ 18 ከሆነ 1.59 ብቻ። ስክሪኑ ጋ ነገሩ ይብሳል። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን በ0.25 ማይክሮን ቢሞላ የሚያሳይሽ 0.13 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት 1366 በ768 ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ 0.066 ገደማ፤ አሥር ጊዜ ብታንቀሳቅሺው 0.66 እንኳ በቅጡ አይሞላም። በጡት ካንሰር የኖቲንግሃም ግሬድ (የዕጢው ክፋት የሚለካበት ደረጃ) የፊልዱ ዲያሜትር 0.5 ሚሊሜትር ሲሆን እስከ 7 ማይቶሲስ 1 ነጥብ፣ ከ8 እስከ 14 ድረስ 2፣ ከ15 ጀምሮ 3 ነጥብ ነው። በማይክሮስኮፕ 8 የሚቆጠርላት ሴት በላፕቶፕሽ ሁለት ሦስት ብቻ ተገኝቶላት ነጥቧ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ነጥቧ ዝቅ ሲል ግሬዱም ሊወርድ ይችላል፤ ሐኪሟ የሚነግራት ነገር፣ የሚታዘዝላት ሕክምና ሁሉ በዚያ ላይ ነው የሚቆመው። ለዚህ ነው ነገሩን የማከርረው።

ስለዚህ ፊልድ የሚለውን ተዪውና በካሬ ሚሊሜትር ቁጠሪ። የዓለም ጤና ድርጅት የዕጢ ምደባም በ5ኛ እትሙ ወደዚያው ሄዷል። ኪውፓዝ ላይ «ኦብጀክትስ» ከሚለው ገብተሽ «አኖቴሽንስ»፣ ከዚያ «ስፔሲፋይ አኖቴሽን» የሚለውን ምረጪና ስፋቱንም ቁመቱንም 1414 ማይክሮን አድርጊ። ይህ 2 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ካሬውን ማይቶሲስ በዛ ያለበት ቦታ ላይ አሳርፊው፤ ብዙ ጊዜ የዕጢው ዳር አካባቢ ታገኚዋለሽ። ዕጢው ጠባብ ሆኖ ካሬው ወደ ስብ ወይም ወደ ኔክሮሲስ (የሞተ ሥጋ) የሚወጣብሽ ከሆነ በአንዱ ፈንታ 707 በ707 የሆኑ አራት ካሬዎች በየቦታው አድርጊ፤ ድምሩ ያው ነው። ቦታው ከተመረጠ በኋላ በቀኝ ክሊክ ቆልፊው፣ አለበለዚያ ምስሉን ስትጎትቺ ካሬው አብሮሽ ይሄዳል።

ለመቁጠር የነጥቡን መሣሪያ ውሰጂ፣ ቁልፉ ኪቦርዱ ላይ ያለው የነጥብ ምልክት (.) ነው። እያንዳንዷ ክሊክ አንድ ነጥብ ትጥላለች፤ ቁጥሩን ራሱ ይይዝልሻል። እኔ ሁለት ስብስብ እከፍታለሁ፣ አንዱ እርግጠኛ የሆንኩባቸው፣ ሌላው የሚያጠራጥሩ። ሪፖርት የሚገባው የመጀመሪያው ብቻ ነው። የሚያጠራጥሩት ስክሪን ላይ የሚበዙበት ምክንያት አለ፤ ስካኑ ብዙ ጊዜ በአንድ ፎከስ ብቻ ስለሚነሳ ማይክሮስኮፕ ላይ እንደለመድነው ፋይን ፎከሱን አዙረን የተጨማደደ ኒውክሊየስ (የሴል እምብርት) ይሁን እውነተኛ ማይቶሲስ መለየት አንችልም። ጠርዙ የደበዘዘ ቦታ ላይ አትጨነቂበት፣ ያ ቦታ እንደገና ስካን እንዲደረግ ጠይቂ። ብሩሽና ዋንድ የሚባሉት መሣሪያዎች ለዚህ ሥራ አያስፈልጉሽም።

በየመሐሉ ኮንትሮል ኤስ ተጫኚ። መብራቱን ታውቂዋለሽ፤ ካላስቀመጥሽው ያደረግሽው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ፋይሉን ስታስልኪ ሁለት ነገር ልብ በይ። ስሙ በኤምአርኤክስኤስ የሚያልቅ ከሆነ ያቺ ትንሽዬ ፋይል ብቻዋን አትከፈትም፤ ምስሉ ያለው ተመሳሳይ ስም ባለው ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ሁለቱ አብረው መምጣት አለባቸው። ሌላው የታካሚዋ ምስጢር ነው። የፋይሉ ስም ቁጥር ብቻ ቢሆንም ስካነሩ የስላይዱን ሌብል ፎቶ አንስቶ ውስጡ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ «ኢሜጅ» ገጽ ላይ ወደ ታች ብትወርጂ ተያያዥ ምስሎች በሚለው ስር ስሟና የካርድ ቁጥሯ ቁልጭ ብሎ ሊታይ ይችላል። ካለ ያለ ሌብል እንዲያወጡልሽ ጠይቂ፤ እስከዚያው በቴሌግራም ለማንም አታስተላልፊ። ያ ሲስተካከል ዲስኩን በሰው ላኪልኝ፣ ከድሬ ሐረር ሩቅ አይደለም። አንቺ ስንት እንደቆጠርሽ ሳትነግሪኝ የካሬውን ቦታ ብቻ ላኪልኝ፤ እኔም ለብቻዬ ቆጥሬ ቁጥሬን እዚሁ እጽፋለሁ።