ወጡ ላይ ውሃ አትጨምሩ

ለምትጽፉ ልጆቼ፣

ባለፈው ከእናንተ አንዱ ቤቴ መጥቶ «ጋሼ፣ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የምናሳየውን አስቂኝ ድራማ፣ ሲትኮማችንን፣ ፊልም ልናደርገው ነው። ሦስት ክፍል ብንቀጣጥል አይበቃም?» አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔም በጉብዝናዬ ወራት ይህንኑ ሞክሬያለሁ። ሰው የወደደውን የሃያ አምስት ደቂቃ ቀልድ ሁለት ሰዓት አደረግኩት፤ ወጡ ላይ ውሃ ጨመርኩበት በሉት። የምርቃቱ ቀን ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ ገና ግማሽ ሳይደርስ ነጠላቸውን አስተካክለው ባላቸውን «እንሂድ» ሲሏቸው ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ ሲነሳ ትዝ የሚለኝ የእንግሊዞቹ «ዘ ኢንቢትዊነርስ» ነው። አፉ ባለጌ ነው፤ ከእናታችሁ ጋር እንዳታዩት። ዴመን ቢዝሊና ኢየን ሞሪስ ከ2008 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን 18 ክፍል ሠሩት። አራት ጎረምሶች ናቸው፤ አራዳም አይደሉም፣ የለየላቸው ፋራም አይደሉም። ዊል ሳምሶናይት ይዞ ትምህርት ቤት ይመጣል። ሳይመን አንዲት ልጅ ላይ ሙጭጭ ብሏል። ጄይ የውሸት ቋት ነው። ኒል የዋህ ነው።

በ2011 ፊልም ሲሆን አራቱ ቀርጤስ ደሴት፣ ማሊያ ወደምትባል ከተማ (የምትለበሰዋ አይደለችም) ለእረፍት ሄዱ። እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ከአርባ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አስገባ። ብዙ ሰው ምስጢሩ ባሕሩ ይመስለዋል። ባሕርማ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይቀርጻል። ይልቅ ጭር ባለው ቡና ቤት ሴቶቹ ጋ ለመድረስ ወለሉን በጭፈራ ሲያቋርጡ እዩዋቸው። እንዴት ያሳፍራሉ! ስክሪኑ ሰፋ እንጂ ልጆቹ እነዚያው ናቸው።

የተለወጠው ሌላ ነው። በቴሌቪዥን ጄይ ምንም ቢዋሽ በሚቀጥለው ሳምንት እንደ አዲስ ይጀምራል። ሲትኮም ዕዳ አያሳድርም። ፊልሙ ላይ ግን ጄን የምትባል ወፈር ያለች ልጅ አለች። ለብቻቸው ሲሆኑ ደስ ትለዋለች፤ ሰው ሲያያቸው ያፍርባታል። ሊስማት ብሎ ወደኋላ ሲል ፊቷን ተመልከቱ። እዚያ ጋ የሚስቅ የለም። ጄይን የሚያድነው ሌላ ሳምንትም የለም። ያበላሸውን እዚያው፣ ሰው እያየው ማስተካከል አለበት።

ለዚህ ነው ያን እንግዳዬን ስለ ሦስቱ ክፍሎች ምንም ያላልኩት። «ያ ጉረኛው ልጅህ በማን ያፍራል?» ብዬ ጠየቅኩት። ስኒውን እያዞረ ብዙ ቆየ።

«በእናቱ» አለኝ። «ጉሊት ነው የምትሸጠው።»