«ጋሼ፣ የትኛውን ቦርድ ልግዛ?»

ይህቺ ጥያቄ ወጣቶች ባገኙኝ ቁጥር አትቀርም። አብዛኞቹ ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ናቸው፤ ገና ሃይስኩል ያሉም አይጠፉም። ከጥያቄዋ ጋር ሦስት ስም ይመጣል፦ አርዱይኖ ኡኖ፣ ራስበሪ ፓይ ፒኮ፣ ኢኤስፒ32። ሦስቱም ማይክሮኮንትሮለር የተገጠመባቸው ቦርዶች ናቸው፤ እሱም የጻፍንለትን ፕሮግራም እየፈጸመ ሌላ ዕቃ የሚቆጣጠር፣ በአንድ ቺፕ ውስጥ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ቀጥሎ ፍጥነታቸው ይደረደራል። 16 ሜጋኸርዝ፣ 133፣ 240። «240ው አይሻልም ታዲያ?»

ለምኑ ነው የሚሻለው? ምን እንደምትሠሩ ሳትነግሩኝ ልመልስ አልችልም። ስለዚህ እኔም እጠይቃለሁ። ዕቃው የት ነው የሚቀመጠው? ከምን ጋር ነው የሚገናኘው? ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ መብራት የሚያገኘው ከየት ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ትዘሏታላችሁ። በእኔ እይታ ግን ቦርዱን የምትመርጥላችሁ እሷ ናት።

አንድ የምታውቁትን ሥራ እንውሰድ። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሌለው ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ሮቶው ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ስንት ውሃ እንደቀረ ለማወቅ ወይ መሰላል መውጣት ነው፣ ወይ ጎኑን እያንኳኩ ድምፁን መስማት። ይህን በስልክ ማየት ብችልስ ይላል አንዱ ጎበዝ። ጥሩ ሐሳብ ነው።

መጀመሪያ ግን የምትፈልጉት «ሞላ» ወይም «አለቀ» የሚል ምልክት ብቻ ከሆነ፣ ማይክሮኮንትሮለር አያስፈልጋችሁም። ከውሃው ጋር ከፍና ዝቅ የሚል የፍሎት ማብሪያና አንዲት ደወል ይበቃሉ። ኮድ የለ፣ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) የለ። ይህን ስል ፊታቸው ቅር የሚላቸው ልጆች አሉ፤ ግን ቺፕ የማይፈልግን ሥራ መለየትም ሙያ ነው።

አይ፣ መጠኑን በስልኬ ማየት አለብኝ ካላችሁ ዋይፋይ መጣ ማለት ነው። ዋይፋይ ከተፈለገ ኢኤስፒ32 አብሮት ይዟል፤ ዋጋውም አይጎዳም። ምርጫው አለቀ? አላለቀም። ሮቶው ጋ ሶኬት የለማ!

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ኢኤስፒ32 በዋይፋይ ሲልክ ለአፍታ ከ200 ሚሊአምፔር በላይ ይስባል። አማካዩን 100 ብንይዝ፣ 2,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 20 ሰዓት ይሠራል። አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። እንግዲያው እናስተኛው። ቺፑ ዲፕ ስሊፕ የሚባል እንቅልፍ አለው፤ በዚያ ሰዓት የሚወስደው 10 ማይክሮአምፔር አካባቢ ነው፣ ከምንም አይቆጠርም። በየ10 ደቂቃው ለ5 ሰከንድ ነቅቶ፣ ለክቶ፣ ልኮ ቢተኛ አማካዩ 0.83 ሚሊአምፔር ይሆናል። ያው ባትሪ በወረቀት ላይ 100 ቀን ሊያቆይ ነው።

በወረቀት ላይ ነው ያልኩት። የገዛችሁት ቺፑን ብቻ ሳይሆን ቦርዱን ነው። ቦርዱ ላይ ሁሌ የምትበራ ቀይ ኤልኢዲ አለች፤ ቮልቴጅ የሚቀንሰው ሬጉሌተር አለ፤ ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኘው ቺፕም አለ። ቺፑ ሲተኛ እነሱ አይተኙም። በጋራ 5 ሚሊአምፔር ብቻ ቢወስዱ እንኳ 100 ቀኑ ወደ ሁለት ሳምንት ይወርዳል። ስለዚህ በባትሪ የምትሠሩ ከሆነ ቦርዱ ተኝቶ ስንት እንደሚስብ በቴስተር ለኩ። ሻጩ የሚነግራችሁ የቺፑን ቁጥር ነው። በበኩሌ ከቤት የ5 ቮልት ሽቦ መሳብ የሚቻል ከሆነ ባትሪውን እተወዋለሁ።

ሁለተኛው ነገር ቮልቴጅ ነው። ኡኖ በ5 ቮልት ይሠራል፤ ኢኤስፒ32ና ፒኮ በ3.3። የሮቶውን ውሃ ለማወቅ ከላይ ሆኖ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት የሚለካ ሴንሰር ያስፈልጋል፤ በየሱቁ የምታገኙት ኤችሲ-ኤስአር04 የሚባለው ርቀት መለኪያ የሚመልሰው ሲግናል 5 ቮልት ነው። ያንን በቀጥታ ኢኤስፒ32 ፒን (ሽቦ የሚሰካበት እግር) ላይ መሰካት ቺፑን ሊያበላሽ ይችላል። መፍትሔው ሁለት ሬዚስተር ነው፦ ከሴንሰሩ ወደ ፒኑ 1 ኪሎኦም፣ ከፒኑ ወደ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት ወደሆነው መስመር) 2 ኪሎኦም። 5ቱ ቮልት ወደ 3.3 ይወርዳል። በነገራችን ላይ ያ ሴንሰር እርጥበት አይወድም። ለሮቶ ውሃ የማይገባበትን ዓይነት ፈልጉ፤ እሱ ደግሞ በጣም የቀረበን ነገር በትክክል አያነብምና ከውሃው ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።

ፒንም ቁጠሩ። ኢኤስፒ32 ላይ ብዙ እግር ስታዩ ሁሉም የእናንተ አይምሰላችሁ። በመደበኛው ዓይነት ከ6 እስከ 11 ያሉት ፕሮግራሙ ከሚቀመጥበት ፍላሽ ሜሞሪ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ከ34 እስከ 39 ያሉት ደግሞ ይቀበላሉ እንጂ አያወጡም። ሪሌይ (በትንሽ ሲግናል የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) 35 ላይ ሰክቶ «አልሠራም» ማለት የተለመደ ነው።

ሌላው የምወደው ፕሮጀክት መብራት ሲሄድ መልእክት የሚልክ ዕቃ ነው። ብዙዎች በዋይፋይ ያስቡታል። መብራት ሲሄድ ግን ራውተሩም አብሮ ይጠፋል! እዚህ ጋ ባትሪና ሲም ካርድ የሚገባበት ሞጁል ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ሲም800ኤል። እሱም ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይፈልጋል፤ ከቦርዱ ፒን መብራት ልስጠው ካላችሁ እየጠፋ እየበራ ያሰለቻችኋል። ማይክሮኮንትሮለሩማ የፈለገው ዓይነት ይሁን፤ ኤስኤምኤስ ለመላክ ኡኖ ይበቃል።

ኡኖን የምትንቁትም በከንቱ ነው። አርዱይኖ በ2005 ጣሊያን ኢቭሪያ ውስጥ ሲጀመር የታሰበው ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ የዲዛይን ተማሪዎች ነበር። ለዚህ ነው ለጀማሪ የሚመቸው። መደበኛው ኡኖ ላይ ቺፑ ሶኬት ውስጥ ስለተቀመጠ ቢቃጠል ነቅሎ ሌላ መተካት ይቻላል። ድክመቱ ሜሞሪው ነው፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጠቀምበት ራም 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። 128 በ64 የሆነችውን ትንሽ ኦሌድ ስክሪን ብትጨምሩ በተለመዱት ላይብረሪዎች ምስሏን ለመያዝ ብቻ 1,024 ባይት፣ ማለትም ግማሹን ትወስዳለች። ከዚያ ፕሮግራሙ ያለ ምክንያት እየተነሳ የሚጀምር ይመስላችኋል።

በ2021 በ4 ዶላር የወጣው ፒኮ 264 ኪሎባይት ራም አለው፤ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለለመደ ሰው ማይክሮፓይተን ስለሚሠራበት ምቹ ነው። የመጀመሪያው ፒኮ ዋይፋይ የለውም፤ ያለው ፒኮ ደብልዩ ነው። ፒአይሲ ወይም 8051 በሚባሉት ማይክሮኮንትሮለሮች የተማራችሁም አትፈሩ፤ ታይመርና ኢንተራፕት (ቺፑ ጊዜ የሚቆጥርበትና ሥራውን አቋርጦ ለአስቸኳይ ነገር የሚመልስበት መንገድ) የገባው ሰው ቦርድ መቀየር አይከብደውም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ከሮቶው በኋላ «ፓምፑንም ልቆጣጠር» ማለታችሁ አይቀርም። የፓምፑ ዲናሞ ሲነሳ የሚስበው ከረንት ሲሠራ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ነው። ላዩ ላይ 10 አምፔር የተጻፈበት ትንሽ ሰማያዊ ሪሌይ ይህን አይችልም፤ ይጣበቃል፣ ፓምፑም አልጠፋ ይላል። በመሃል ኮንታክተር (ለከባድ ከረንት የተሠራ ትልቅ ሪሌይ) ይግባ፤ የ220ውን ሥራ ደግሞ ለኤሌክትሪሺያን ስጡ።

ስትገዙ ከቻላችሁ ሁለት ግዙ፤ አንዱ እምቢ ሲል ችግሩ ከቦርዱ ይሁን ከኮዳችሁ ቶሎ ይለያል። ቦርዱ ኮምፒውተር ላይ አልታይ ካለ ተበላሽቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። በቅድሚያ ኬብሉን ቀይሩ፤ ብዙ የስልክ ኬብል ቻርጅ ያደርጋል እንጂ የዳታ ሽቦ የለውም። ቀጥሎ ድራይቨሩን (ኮምፒውተሩ ቦርዱን እንዲያውቀው የሚጫን ፕሮግራም) እዩ፤ ርካሽ ቦርዶች ላይ የሚገኘው ሲኤች340 የሚባለው ቺፕ አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ የራሱን ይፈልጋል። ሁለቱም ካልሠሩ ያኔ ወደ ሻጩ መልሱት።