የመኪናን የውስጥ ፕላስቲክ በራስ እጅ መፍታትና መግጠም፤ ጥያቄና መልስ

በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ 16 ዓመት አሳልፌያለሁ። ሰው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሲባል ቀኑን ሙሉ ሽቦ የሚፈትሽ ይመስለዋል። እኔ ግን የሥራ ጊዜዬን ግማሽ የጨረስሁት ሽቦው ጋ ለመድረስ ፕላስቲክ በመፍታት ነው። የበር ፓኔል፣ የዳሽቦርድ ሽፋን፣ የጣሪያ ጨርቅ ምን ቢሆን ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። የሞተር ጥያቄ ያለው ግን ሌላ ሰው ይፈልግ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መኪናዬ ቪትዝ ናት። የሾፌሩ በኩል መስኮት ስለተበላሸ የበሩን ፓኔል መፍታት ጀመርሁ። የሚታዩትን ሁለት ብሎኖች አወጣሁ፤ ዙሪያው ለቀቀ፤ መሐሉ ግን ንቅንቅ አልል አለ። በኃይል ልሳበው?

መልስ፦ እንዳትስበው። የበር ፓኔል የሚያዘው በብሎን፣ በዙሪያው በተደረደሩ ክሊፖች (ብረቱ ቀዳዳ ውስጥ ተገፍተው በሚይዙ ትንንሽ ፕላስቲኮች) እና ከላይ መስታወቱ በሚወጣበት ጠርዝ ላይ በመንጠልጠል ነው። ዙሪያው ለቅቆ መሐሉ እምቢ ካለ ያላየኸው ብሎን አለ ማለት ነው። በሩን ስትዘጋ የምትስብበትን እጀታ ውስጡን ተመልከት፤ ከሥሩ ጥፍር የምታህል ክዳን ታገኛለህ። ከመክፈቻው እጀታ ጀርባም ሌላ ክዳን አለ። የመስኮት ማዘዣ ቁልፎቹን የያዘው ሰሌዳ ተነሥቶ ሲወጣ ከሥሩ ብሎን የሚገኝበት መኪናም ብዙ ነው። በስፖኪዮው በኩል ያለችውን ባለ ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክም አትርሳት።

እጅህን አስለምደው፦ ክሊፕ ሲለቅ «ጠቅ» ይላል፤ ብሎን ያለበት ቦታ ግን ድምፅ አያሰማም፣ ፕላስቲኩ ብቻ ይጎብጣል። ጎብጦ ጠርዙ ነጭ መሆን ከጀመረ ሊሰበር ነውና ወዲያው ልቀቀው።

ሁሉም ከለቀቀ በኋላ ፓኔሉን ወደ ራስህ ሳይሆን ወደ ላይ አንሣው። ከዚያም ይዘኸው አትሂድ! ከጀርባው የመክፈቻው ገመድና የመስኮቱ ሶኬት አሉ። በጉልበትህ ደግፈህ አንድ በአንድ ንቀላቸው።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና መስኮት በእጅ የሚዞር ነው። ማዞሪያው ላይ ምንም ብሎን የለም። እንዴት ይወጣል?

መልስ፦ ከማዞሪያው ጀርባ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላት ሽቦ ይዛዋለች። ስስ ጨርቅ በማዞሪያውና በፓኔሉ መካከል አስገባና ሊስትሮ ጫማ እንደሚወለውል ግራና ቀኝ እየሳብህ ወደ ሽቦዋ ጫፎች ግፋ። ተፈናጥራ ትወጣለች። የምትሄድበትን ቦታ ቀድመህ አስብ፤ እኔ አንዷን ከሁለት ወር በኋላ ከወንበር ሥር አግኝቻለሁ። ስትመልስ ሽቦዋን መጀመሪያ ማዞሪያው ላይ አስገባት፤ ከዚያ ማዞሪያውን በመዳፍህ ምታው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው። በክረምት መግቢያ የመስኮት ሞተር አስቀየርሁ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከእግሬ ሥር ያለው ምንጣፍ ይርሳል። የሠራው ልጅ ከፊት መስታወቱ ነው የሚገባው ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ መስታወቱን ለማስነቀል አትቸኩዪ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ የመኪና በር ውስጡ ውኃ እንዲገባ ተደርጎ ነው የተሠራው። ዝናቡ በመስታወቱ ላይ እየወረደ በሩ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ከበሩ ታች ባሉት ቀዳዳዎች ደግሞ ይወጣል። ያ ውኃ ወደ ተሳፋሪው እንዳይሻገር የሚያግደው በፓኔሉና በብረቱ መካከል በጥቁር ማስቲካ መሰል ሙጫ የተለጠፈ ላስቲክ ነው። ፓኔል የሚፈቱ ብዙ ሰዎች ይህን ላስቲክ እንደ መጠቅለያ ፌስታል ቆጥረው ቀድደው ይጥሉታል። አንዳንዱ ደግሞ መልሶ ይሰቅለውና ታቹን ሳይለጥፍ ይተወዋል።

ፓኔሉን ፍቺና እዪው። ላስቲኩ ካለ ሙጫውን በፀጉር ማድረቂያ አሙቀሽ በጣትሽ እየተጫንሽ ዙሪያውን መልሰሽ ለጥፊው። ሙጫው አቧራ ጠጥቶ አልይዝ ካለ አሮጌውን አውጥተሽ አዲስ ጥቅል የቡቲል ሙጫ አድርጊበት። ላስቲኩ ከሌለ ወፍራም የግንባታ ላስቲክ በበሩ ልክ ቆርጠሽ መሥራት ትችያለሽ፤ ዋናው ነገር የታችኛው ጫፍ ውኃውን ወደ በሩ ሆድ እንዲመልስ፣ ወደ ተሳፋሪው እንዳያፈስስ ነው። እግረ መንገድሽን የበሩን የታች ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ጥረጊ። በጭቃ ከተደፈኑ ውኃው ተጠራቅሞ በሩን ያዝገዋል። አንድ ደንበኛዬ በሩን በዘጋ ቁጥር ውስጡ እንደ እንስራ ይንቦጫረቅ ነበር፤ ቀዳዳዎቹን ስከፍት የወረደው ውኃ ጫማዬን ሞላው።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት መሣሪያ ልግዛ?

መልስ፦ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ስብስብ ካገኘህ ግዛ። ካጣህ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫፉን ሁለት ዙር በፕላስተር ጠቅልለው። ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ባለ 10 ቁልፍ፣ የእጅ ባትሪ ጨምር። የወጥ ቤት ቢላዋ አትጠቀም፤ ፓኔሉንም ትዳሩንም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ፓኔሉን ስፈታ ከዘጠኝ ክሊፕ አምስቱ ተሰበሩብኝ። በማስቲሽ ባጣብቀውስ?

መልስ፦ በፍጹም። ማስቲሽ የተቀባ ፓኔል ሁለተኛ ሳይቀደድ አይፈታም፤ ከአንተ በኋላ የሚፈታው ሰው ደግሞ ምናልባት እኔ ነኝ።

ክሊፕ የሚጣል ዕቃ ነው፤ ያረጀ ፕላስቲክ መሰበሩ አይቀርም። ያልተሰበረ አንድ ናሙና ይዘህ አዲስ አበባ ከሆንህ ወደ ሶማሌ ተራ ውረድ፤ ሌላ ከተማ ከሆንህ ወደ ቅርብህ መለዋወጫ ሱቅ ሂድ። «የኮሮላ ክሊፕ» ብለህ በአፍ ብቻ አትጠይቅ፤ አንድ መኪና ውስጥ ብቻ አራትና አምስት ዓይነት አለ። የአንገቱን ውፍረትና የራሱን ስፋት አመሳክር። ከሚያስፈልግህም ሦስትና አራት ጨምረህ ግዛ።

የአሮጌው ክሊፕ ግማሽ በብረቱ ቀዳዳ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ አዲሱን ከመግጠምህ በፊት በፒንሳ አውጣው። ስትመልስ ደግሞ እያንዳንዱ ክሊፕ በቀዳዳው ፊት ለፊት መሆኑን በዓይንህ አይተህ ምታ። በግምት የተመታ ክሊፕ ይታጠፋል።

ጥያቄ፦ ኤርባግ ያለው መኪና ነው። ከፊት መስታወቱ ጎን ያለውን ቋሚ ሽፋን ካሜራ ለማስገባት መፍታት እፈልጋለሁ። አደጋ አለው?

መልስ፦ አለው፤ በዚህ ጥያቄ ላይ አልቀልድም። በብዙ መኪኖች ከዚያ ሽፋን ጀርባ፣ በጣሪያው ጠርዝ እስከ ኋላ ድረስ፣ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የመጋረጃ ኤርባግ አለ። ሽፋኑ ላይ የኤርባግ ምልክት ተጽፎ ካየህ እሱ ነው። ሽቦህን በኤርባጉ ፊት ወይም በላዩ ካሳለፍኸው ሲፈነዳ ሽቦውንና ካሜራውን ይዞ ወደ ፊትህ ይመጣል። ማለፍ ያለበት ከኤርባጉ ጀርባ፣ ከነባሩ የሽቦ ጥቅል ጋር ታስሮ ነው።

ከመጀመርህ በፊት ቁልፉን አጥፋና የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ንቀል። ከዚያ ጠብቅ። ቶዮታ በጥገና መመሪያዎቹ ቢያንስ 90 ሰከንድ እንዲጠበቅ ያዝዛል፤ ረዘም ያለ ጊዜ የሚጠይቁ ሌሎች አምራቾች ስላሉ እኔ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ምክንያቱም የኤርባጉ መቆጣጠሪያ ባትሪው ከተነቀለም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይይዛል። ቢጫ ሶኬት ካየህ የኤርባግ ነው፤ በመለኪያ መሣሪያ አትነካካው፣ አትንቀለውም። ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ ቁልፉን ካዞርህ የማስጠንቀቂያ መብራቱ በርቶ ይቀራል፤ ለማጥፋትም የመመርመሪያ ማሽን ያስፈልጋል። መብራቱን ለማጥፋት ሲሉ በኤርባጉ ቦታ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) የሚያስገቡ ሰዎች አይቻለሁ። መብራቱ ይጠፋል፤ ኤርባጉም አብሮ ይጠፋል።

ያ ሽፋን በብዙ መኪኖች ላይ እንዳይወረወር የሚይዘው ልዩ ክሊፕ አለው፤ ከተሰበረ በሌላ ተራ ክሊፕ አትተካው። የመሪውን ኤርባግ ግን ለባለሙያ ተውለት።

ጥያቄ፦ የእኔ ቪትዝ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ነው። ዳሽቦርዱን ልፈታ ብዬ ከኢንተርኔት ያየሁት ቪዲዮ ፈጽሞ አልገጥም አለኝ።

መልስ፦ አይገጥምም። ቪትዝ በዚህ ስሟ ለጃፓን ገበያ፣ መሪዋ በቀኝ ሆኖ የተሠራች ናት። መሪው ሲዞር ዳሽቦርዱ ወይ ተቀይሯል ወይ ተቆርጦ ተቀጥሏል። ብሎን በነበረበት ሙጫ፣ ክሊፕ በነበረበት ሽቦ ታገኛለህ። በአንዱ መኪና የዳሽቦርዱን ጫፍ የያዘው የቤት በር ብሎን ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ቪዲዮውን ተወው፤ እያንዳንዱን ደረጃ በስልክህ ፎቶ እያነሣህ ቀስ ብለህ ሂድ። የተጣበቀ ቦታ ከገጠመህ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው። የተሳፋሪው በኩል ኤርባግ እውነት ቦታው ላይ መኖሩንም በዚህ አጋጣሚ ብታይ አይከፋም።

ጥያቄ፦ ከሪያድ። የጣሪያው ጨርቅ ወርዶ ጭንቅላቴን ይነካኛል። ሙጫ በመርፌ ብወጋውስ?

መልስ፦ ለሁለት ሳምንት ይይዝልሃል። የወደቀው ጨርቁ አይደለም፤ ከጨርቁ ጀርባ ያለው ስስ ስፖንጅ ነው በሙቀት ብዛት ዱቄት የሆነው። ዱቄት ላይ የተቀባ ሙጫ ደግሞ ዱቄቱን ይይዛል እንጂ ጨርቁን አይይዝም። የድሬዳዋና የሰመራ መኪኖችም በሽታቸው ይኸው ነው።

ትክክለኛው መንገድ የጣሪያውን ሰሌዳ ማውጣት ነው፦ የፀሐይ መከላከያዎቹ፣ የእጅ መያዣዎቹ፣ የጣሪያው መብራት፣ የቋሚዎቹ ሽፋኖች ይፈታሉ። የኤርባጉን ጥንቃቄ እዚህም ድገመው። ሰሌዳው በቀላሉ የሚታጠፍ ስለሆነ ሁለት ሰው ሆናችሁ ወንበሮቹን አጋድማችሁ በኋላ በር አውጡት። አሮጌውን ስፖንጅ በብሩሽ እስኪጠራ ፈግፍገው፤ አፍንጫህን ሸፍን። ከዚያ ስፖንጅ ያለው አዲስ ጨርቅ ሙቀት በሚችል የሚረጭ ሙጫ፣ ከመሐል ወደ ዳር እየዳበስህ ለጥፍ። ጨርቁን በሰሌዳው ልክ አትቁረጠው፤ ዙሪያውን ጥቂት አትርፍለት።

ጥያቄ፦ የፓኔሉ ጀርባ ላይ ያለው የብሎን መያዣ ጆሮ ተሰበረ። በየትኛው ሙጫ ይያዛል?

መልስ፦ ጀርባውን አገላብጠህ የፕላስቲኩን ዓይነት አንብብ። ኤቢኤስ ከተባለ ዕድለኛ ነህ፤ ሱፐር ግሉም ኢፖክሲውም ይይዘዋል። ፒፒ ከተባለ ግን ተራ ሙጫ አይይዘውም፤ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ለእሱ በካውያ የጋለ ቀጭን ሽቦ በስብራቱ ላይ አቋርጠህ መቅበር ይሻላል። መስኮት ክፈት፤ ጭሱ መጥፎ ነው።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነው። በታኅሣሥ ውጭ ቆሜ ልፈታ ነበር።

መልስ፦ በብርድ ፕላስቲክ እንደ ብርጭቆ ነው። መኪናውን አስነሥተህ ማሞቂያውን 20 ደቂቃ ክፈተው፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን አታድርገው። ከዚያ አጥፍተህ ጀምር። ወይም ሚያዝያን ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ፓኔል ልገዛ ነው። ሁሉም ግራጫ ይመስላሉ፤ ስገጥመው ግን ቀለሙ ይለያል።

መልስ፦ ቶዮታ ከሆነ ኮፈኑ ሥር ወይም የሾፌሩ በር አጠገብ ባለው የብረት ወይም የወረቀት ሰሌዳ ላይ ከውጭው ቀለም ኮድ ቀጥሎ የውስጡም ኮድ ተጽፏል። በዚያ ግዛ። ፀሐይ ያጠቆረውን ወይም ያነጣውን ግን ኮዱ አይነግርህም፤ አሮጌውን ፓኔል ይዘህ ሄደህ ከሱቁ ደጃፍ በቀን ብርሃን አስተያየው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ገጠምሁ፤ አሁን በሩ ከውስጥ አልከፈት አለኝ።

መልስ፦ የመክፈቻውን ገመድ ሳታስገባ ዘግተኸዋል። ከውጭ ክፈተውና ፓኔሉን እንደገና አውርድ። ወደ ፊት ደግሞ ክሊፖቹን ከመምታትህ በፊት፣ በሩ ክፍት እንደሆነ፣ የበሩን ምላስ በካቻቢቴ ገፍተህ እንደተዘጋ አስመስለውና የውስጡን እጀታ ሳብ። ምላሱ ከተመለሰ ገመዱ ይዟል። መስኮቱንም ቁልፉንም እዚያው ሞክር።

ጥያቄ፦ ጨርሼ ሁለት ብሎን ተረፈኝ። ምንም የሚንቀጠቀጥ ነገር የለም። ልተወው?

መልስ፦ አንዱ ከሌሎቹ ረዘም ይላል? እንግዲያውስ በሩን የምትስብበት እጀታ ብሎን ነው። እሱ ከሌለ በሩን በዘጋህ ቁጥር ጉልበትህን የሚሸከሙት ክሊፖቹ ብቻ ናቸው፤ አሁን ባይንቀጠቀጥም ቆይቶ ፓኔሉ በእጅህ ላይ ይቀራል። ክዳኑን ገልጠህ ዛሬውኑ መልሰው። አጭሩ የመክፈቻው እጀታ ሳይሆን አይቀርም። ለሚቀጥለው ጊዜ ባዶ የእንቁላል ካርቶን አስቀምጥ፤ ብሎኖቹን በፈታህበት ቅደም ተከተል ጉድጓድ ጉድጓዱ ውስጥ አድርጋቸው።