አንገትሽን ለወጌሻ አትስጪ

እህቴ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንገት ሕመም ጋር ልብስ እየሰፉ መዋል ከባድ ነው፤ እግዚአብሔር ይማርሽ። «እዚሁ ጎንደር ወጌሻ ጋ ልሂድ ወይስ ሐኪም ቤት?» ላልሽው፣ እባክሽ ሐኪም ቤት ሂጂ። ለስለስ ያለ መታሸት ለጊዜው ያቀልል ይሆናል። አንገትን ድንገት መጠምዘዝ ግን ነርቭና የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይተሽ ሪፈር አጽፊ። የጤና መድህን ካርድ ካለሽም ድንገተኛ ካልሆነ ሪፈሩ ያስፈልግሻል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በአካል እንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና፣ አለ። ብዙ ሰው ግን የታዘዘለትን እንቅስቃሴ ቤቱ አይሠራውም፣ ከዚያ «አልሠራልኝም» ይላል። ለምሳሌ አንዱ እንዲህ ነው፦ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ ሳታቀረቅሪ አገጭሽን ወደ ኋላ ሳብ አድርጊ፣ 5 ሰከንድ ያህል ይዘሽ ልቀቂ። ካመመሽ አቁሚ። ስፌቱ ላይም በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ።

ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ከፋርማሲ እየገዛሽ ዝም ብለሽ አትዋጪ፤ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

እጅሽ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ እግርሽ ከከበደ፣ ሽንት ካስቸገረሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ሂጂ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም መክሳት ካለም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ቲቢ አከርካሪንም ይይዛል፣ በጊዜ ከተገኘ ደግሞ በመድኃኒት ይድናል።