ዳኛው የሚሰማውና እኛ የምንሰማው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት አየሁት። «ቅዳሜ ከቴሌቪዥኑ የዘፈን ውድድር የወጣችው ልጅ ከቀሩት ሁሉ ትሻል ነበር። ቤታችን ውስጥ ያላለቀሰ የለም። ጆሮ የሌላቸው ዳኞቹ ናቸው ወይስ እኛ ተመልካቾቹ? ሙዚቃ ያልተማረ ሰው ተወዳዳሪን እንዴት ነው የሚመዝነው?» ብለሻል። ከስር ብዙ ሰው መልሶልሻል። ግማሹ ዳኞቹን ይሳደባል፣ ግማሹ ልጅቷን። እኔ ሁለቱም ውስጥ ስለሌለሁ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሠርግ እሠራለሁ፣ ምሽት ቤት እሠራለሁ። በዚህ መሀል ለቴሌቪዥን ውድድር የሚዘጋጁ ልጆች ይመጡና አብረን እንለማመዳለን። እስካሁን ሰባት ልጆች አዘጋጅቻለሁ። ስለዚህ ነገሩን ሳሎን ቁጭ ብዬም፣ ከመድረክ ጀርባ ቆሜም አይቼዋለሁ።

ጆሮ የሌለው የለም። ዳኞቹም አላቸው፣ እናንተም አላችሁ። የምትሰሙት ነገር ነው የሚለያየው።

እኛ ሀገር ውድድሩ በአብዛኛው በቀደሙት ዘፋኞች ሥራ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ግን ዛሬም መድረኩ ላይ አለ። አስቴርም አለች፣ ማህሙድም አለ፣ ብዙነሽም አለች። ተወዳዳሪው ከጎኑ ከቆሙት ልጆች ጋር ብቻ አይደለም የሚወዳደረው። እኛ ጆሮ ውስጥ ለዓመታት ከተቀመጠው ድምፅ ጋርም ነው። ልጁ አፉን ሲከፍት አባቴ ከሶፋው ብድግ ይልና «ቁርጥ ጥላሁን!» ይላል። ለአባቴ ከዚህ በላይ ሙገሳ የለም። ወዲያው ዳኛው ማይኩን ያነሳና «ድምፅህ ጥሩ ነው፣ ግን አንተን አላገኘሁህም» ይላል። አባቴ ይናደዳል። ልጁ ጥላሁንን መምሰሉን ወዶታል፣ ዳኛው ደግሞ እዚያው የወደደውን ነገር ጥፋት አድርጎ ቆጠረበት። ቅዳሜ ቅዳሜ የምናየው ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚህ ነው የሚነሳው።

በዚህ ጉዳይ እኔ ከዳኛው ጋር ነኝ። ሌላ ዘፋኝን መቅዳት መጥፎ ስለሆነ አይደለም። እኔ ራሴ የሚመጡልኝን ልጆች በመጀመሪያ አስቀዳቸዋለሁ። ጥላሁን የት እንደሚተነፍስ፣ የቱን ቃል እንደሚጎትት፣ የቱን እንደሚያሳጥር ፊደል በፊደል ይከተላሉ። ትምህርት ነው። ግን ውድድሩ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ቁርጥ ጥላሁን የሆነ ልጅ ሠርግ ላይ ይጠራል፣ የጥላሁንን ይዘፍናል፣ ይሸለማል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የራሱን ዘፈን ሲያወጣ የሚሰማው ያጣል። ባላገሩ አይዶልን ያሸነፈውን ዳዊት ጽጌን አስቢው። ውድድሩ ላይ የሰማነው በሌሎች ዘፈን ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን የራሱን አልበም አውጥቶ ሰው «የዳዊት ነው» ብሎ አዳመጠው። ዳኞች የሚፈልጉት ይሄን ነው። የሚታያቸው ከአምስት ዓመት በኋላ ያለው ሰው ነው፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው የዛሬውን ምሽት ነው።

ተመልካቹ ልክ የሆነበትም ጊዜ አለ። አንድ ጊዜ ከእናቴ ጋር እያየን አንድ ወጣት ትዝታ ዘፈነ። የእያንዳንዱን ስንኝ መጨረሻ ከፈረንጅ ዘፈን በለመደው መንገድ ወደ ላይ ወደ ታች እያመላለሰ አስጌጠው። ዳኞቹ «አዲስ ነገር አመጣህ» ብለው አመሰገኑት። እናቴ ግን «ውይ፣ ዘፈኑን ምን አደረገው?» አለች። ኖታ አታውቅም፤ ግን በትክክል ነው የሰማችው። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት አምስት ድምፅ ነው ያለው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋ እና ሲ የሉበትም። ልጁ ሲያስጌጥ ፋን ደጋግሞ ነካት። ሙዚቀኛ «ከቅኝት ወጣ» የሚለው ይሄን ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ስትሰማ ያደገች ሴት ያ ድምፅ እንግዳ መሆኑን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልጋትም። ስለዚህ «ሙዚቃ ስላልተማርኩ» አትበይ። ጆሮሽ ከምታስቢው በላይ ተምሯል።

አሁን ግን ቤት ያለ ሰው የማያየውን አንድ ነገር ልንገርሽ።

ከሰባቱ ልጆች አንዷ ናት። የትኛው ውድድር እንደሆነ አልጠራም፣ ስሟንም አልጽፍም። አንድ ወር ሙሉ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ተለማመደች። የምንለማመድባት ክፍል ጠባብ ናት፣ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈናል። ፔርሙስ ይዛ ትመጣለች፣ ዝንጅብል በማር። የመረጠችው የአስቴር ዘፈን ነበር። ስንኙን እንደ ውሃ ታፈሰዋለች፤ አዝማቹ ጋ ስትደርስ ግን አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይገተራል። ሥር ሲገተር ኪዩ፣ ማለትም ዘፈኑ የሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ፣ ከፍ ብሏታል ማለት ነው። ሁለት ግማሽ ድምፅ አወረድኩላት። ያን ቀን ዓይኗን ጨፍና ስትዘፍን እኔ እጄን ከኪቦርዱ አንስቼ ዝም ብዬ ሰማኋት። በእጄ እየነካሁ የረሳሁት ዘፈን ነበር፣ እንደ አዲስ ሰማሁት።

ከባንዱ ጋር የነበራት ልምምድ አጭር ነበር። ብዙ ተወዳዳሪ ወረፋ ይጠብቃል። ባንዱ ዘፈኑን በለመደው ኪይ ጀመረ። እሷ «ይውረድልኝ» ማለት ፈራች። ትልልቅ ሙዚቀኞች ናቸው፣ እሷ ደግሞ ገና ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። «እወጣዋለሁ» ብላ አሰበች። የቀረጻው ቀን ደግሞ የራሷን ድምፅ የምትሰማበት ሞኒተር አልሠራም። ከበሮው ብቻ ነው የሚሰማት። ራሱን የማይሰማ ዘፋኝ ይጮኻል፣ የሚጮኽ ዘፋኝ ደግሞ ትንፋሹ ያልቃል። አዝማቹ ጋ ድምፇ ተሰነጠቀ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለት ሴኮንድ አይሞላም።

ፕሮግራሙ የተላለፈ ቀን ማታ ኮመንቶቹን ታክሲ ውስጥ አነበበቻቸው። «ድምፅ የሌላትን ለምን ታመጣላችሁ?» «በዘመድ ነው የገባችው።» ስለ ቀሚሷ የጻፈ አለ። ስለ ጥርሷ የጻፈ አለ። እናቷም አንብባለች። እናቷ ስልክ ደውላልኝ «ልጄ እውነት ድምፅ የላትም እንዴ? አንተ ታውቃለህ፣ ንገረኝ» አለችኝ። ይሄን ጥያቄ እስካሁን አልረሳሁትም። ሃያ አንድ ዓመት ቤት ውስጥ የሰማችውን ድምፅ ተጠራጠረች።

ይሄን የምነግርሽ እንድታዝኚላት አይደለም። በቴሌቪዥን የምናየው ሦስት ደቂቃ የልጁ ችሎታ ሙሉው እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው። ኪይ አለ፣ ሞኒተር አለ፣ ፍርሃት አለ፣ ጉንፋን አለ። ዳኛ ይሄን ሁሉ እያወቀ እንኳን በዚያች ቀን በሰማው ነው የሚፈርደው፤ ሥራው ነው። እኛ ግን ከቤት ሆነን «የላትም» ከማለት «ዛሬ አልወጣላትም» ማለት እንችላለን።

ሌላው የምትሰሚበት ዕቃ ነው። ብዙዎቻችን ውድድሩን ኋላ ላይ በስልክ ነው የምናየው። የስልክ ስፒከር ቤዝ ጊታሩን አያወጣውም ማለት ይቻላል። የዘፋኙ ድምፅ የሚቆመው ደግሞ ቤዙ ላይ ነው። ቤዙን ስታነሺው ድምፁ አየር ላይ ይቀርና ልክ የሆነው ሁሉ የተንሸራተተ ይመስላል። አዳራሽ ውስጥ ዳኛው ፊት ግን ቤዙ ደረቱን እየመታው ነው። ዳኛው «ድንቅ» ሲል እኛ «ምኑ?» የምንለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ኢርፎን አድርጊ። ሌላ ዘፈን ነው የሚሆንብሽ።

«በተመልካች ድምፅ የሚወሰነው ሁሉ በዘር ነው፣ በሰፈር ነው» ብለው የጻፉልሽ አሉ። ለሀገሩ ልጅ፣ በቋንቋው ለዘፈነ ልጅ የሚያደላ ሰው አለ፤ አልክድም። በኦሮምኛ ወይም በጉራጊኛ የተዘፈነ ዘፈን ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ሁለት እጥፍ ይነካል፣ ይሄ ኃጢአት አይደለም። ግን ሁሉም ነገር በዚያ አይፈታም። የእስራኤሉን የዘፈን ውድድር፣ ኮኻቭ ኖላድን፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ያሸነፈችው የስዴሮቷ ሐጊት ያሶ ናት። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ቤተ እስራኤላውያን በዚያ ሀገር ከሕዝቡ ጥቂቱን ነው የሚይዙት። በእነሱ ድምፅ ብቻ የሀገር ውድድር አይሸነፍም። የማያውቋት፣ ዘመዷ ያልሆኑ ሰዎች ስልካቸውን አንስተውላት ነው።

የተመልካች ድምፅ ሌላ ባሕርይ አለው፣ ይሄን ደጋፊ ሁሉ ቢያውቀው ጥሩ ነው። ጎበዝ የሆነችን ልጅ ሁሉም «እሷማ ታልፋለች» ይላታል፣ ስለዚህ ድምፅ የሚሰጣት ያንሳል። አደጋ ላይ ላለው ሁሉም ይሯሯጣል። ጄኒፈር ሃድሰን በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካን አይዶል ላይ 7ኛ ሆና ነው የወጣችው። በ2007 እ.ኤ.አ. ኦስካር ተቀበለች። ያን ጊዜ ድምፅ ያልሰጧት ሰዎች ሁሉ ጠልተዋት ነበር ብዬ አላምንም።

ዳኛና ሕዝብ አለመስማማቱም የእኛ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ሀገራት የዘፈን ውድድር፣ ዩሮቪዥን፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ሊቨርፑል ላይ ሲካሄድ ሕዝቡ ለፊንላንዱ ኬሪያ 376 ነጥብ ሰጠው፣ ለስዊድኗ ሎሪን 243። ዳኞቹ ደግሞ ለእሷ 340፣ ለእሱ 150። ሲደመር እሷ በ583 አሸነፈች፣ እሱ በ526 ቀረ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው የእሱን ስም እየጠራ ይጮህ ነበር። እዚያም ሰው እንዳንቺ «ጆሮ የሌለው ማነው?» ብሎ ጠይቋል። ሁለቱም ሰምተዋል። ዳኞቹ ድምፅና አቀራረብ መዘኑ፣ ሕዝቡ ምሽቱን ያደመቀለትን ሰው መረጠ።

እንዴት ልመዝን ላልሽው፣ እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። መጀመሪያ እንደማንም ሰው አያለሁ፣ ደስ ካለኝ ደስ ይለኛል፣ እንባ ከመጣም ይምጣ። ሁለተኛ ጊዜ ግን ስክሪኑን ገልብጬ እሰማለሁ። ልብሱ የለም፣ መልኩ የለም፣ የሚያለቅሰው ቤተሰብ የለም። ያኔ ትንፋሹን እሰማለሁ። ጥሩ ዘፋኝ ሐሳቡ ሲያልቅ ነው የሚተነፍሰው፤ ያልበሰለው ቃሉን መሀል ላይ ይቆርጠዋል። ቃሉ ይገባኛል ወይ? ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከመጀመሪያው የተለየ ነገር አመጣ ወይስ ያንኑ ደገመው? በጣም የምጠብቃት ደግሞ ዝግ ያለችውን ቦታ ነው። ከፍ ብሎ መጮህ ብዙ ሰው ይችላል። ባንዱ ቀንሶ ድምፁ ብቻውን ሲቀር ግን መደበቂያ የለም።

ያቺን የቅዳሜዋንም ልጅ እንዲሁ አድርጌ ሦስት ጊዜ ሰማኋት። እኔ ብሆን አላስወጣትም ነበር። መግቢያዋ ላይ ያለው ድምፅ ከተቀሩት ከማንም የለም፤ ትንሽ ሻከር ያለ፣ የራሷ የሆነ ቅላጼ ነው። አንቺም ቤተሰብሽም ያለቀሳችሁት ለዚያ ይመስለኛል። ዳኞቹ ያነሱት የትንፋሽ ችግር ግን እውነት ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሁለት ቦታ ቃሉን ከመሀል ቆርጣዋለች። ይሄ ደግሞ በሦስት ወር ልምምድ የሚስተካከል ነገር ነው፤ ሻካራውን ድምፅ ግን ማንም አስተማሪ አይሰጣትም።

ገጿን ካገኘሽው ይሄን ጻፊላት። «ጎበዝ ነሽ» ብቻ አትበያት፣ ይሄን ሺህ ሰው ይላታል። የቱ ቦታ ላይ እንዳለቀስሽ ንገሪያት፣ የትኛው ቃል ላይ። የእኔዋም ልጅ ከአንድ ወር ዝምታ በኋላ ወደ ልምምድ የተመለሰችው አንዲት የማታውቃት ሴት «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፅሽን ዝቅ ስታደርጊ እህቴን አስታወስሽኝ» ብላ ስለጻፈችላት ነው። መልእክቱን ስልኳ ላይ አሳየችኝ። ከዚያ ፔርሙሷን አስቀምጣ «እሱን ቦታ እስኪ እንደገና እንያዘው» አለችኝ። ኪዩን አውርጄ ጀመርኩላት።