በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ለምትሰማሩ ወጣቶች

በቅርቡ በሠራተኛ ጉዳይ ክፍል የተመደበ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ሕጉ ለማን ያደላል፣ ለሠራተኛው ወይስ ለአሠሪው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ቢሮዬ የመጣችን አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ አስታወሰኝ።

ሴትየዋ በሌሊት ፈረቃ ከመደበኛው ሰዓት በላይ የሠራችባቸውን ቀናት በተማሪ ደብተር ላይ በእርሳስ መዝግባ ነበር፤ የገባችበትና የወጣችበት ሰዓት፣ ከጎኑም አብራት ያመሸችው ባልደረባዋ ፊርማ በየመስመሩ ሰፍሯል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሠራችው ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ይገባት ነበር። እንዲህ የጠራ ማስረጃ የያዘ ባለጉዳይ እምብዛም አይገጥመንም። ነገር ግን የመጨረሻው ሒሳብ መከፈል ከነበረበት ቀን ወዲህ 6 ወር አልፎ ነበርና ጥያቄዋ በይርጋ፣ ማለትም መብትን ለመጠየቅ ሕጉ የወሰነው ጊዜ በማለፉ፣ ታገደ። ለምን እንደዘገየች ስጠይቃት አለቃዋ በየወሩ «በሚቀጥለው ደመወዝ ይገባልሻል» እያለ ሲያሰናብታት እንደከረመ ነገረችኝ። ያንን ቃል በጽሑፍ ሰጥቷት ቢሆን ወይም ቀደም ብላ አቤቱታ አስገብታ ቢሆን ኖሮ ይርጋው ይቋረጥላት ነበር። ደብተሯን በነጠላዋ ሸፍና ስትወጣ የተሰማኝ ቁጭት ዛሬም አልለቀቀኝም።

ስለ ሐቀኝነትና ስለ ሥራ ሰዓት አልመክራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። እናንተ በደልን ለማጋለጥ ከእኛ ትውልድ ይልቅ ደፋሮች ናችሁ፣ ይህንንም አደንቃለሁ፤ ሆኖም በስልክ የተለቀቀ ብሶት ስንት ሰው ቢያነበውም ሥልጣን ላለው አካል የቀረበ አቤቱታ አይሆንም፣ ይርጋም አያቋርጥም። የቀድሞውን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሌሊቱን ትርፍ ሰዓት ክፍያ ወደ 1.75 እጥፍ፣ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን ፈቃድም ከ60 ወደ 90 ቀን ከፍ አድርጎታል፤ ይህም ብዙዎች የደከሙበት ውጤት ነው። የ6 ወሩ ገደብ ግን እንዳለ ነው።

ለወጣቱ ሕጉ ለሠራተኛው ያደላል ብዬ መልሼለታለሁ። የዚያችን ሴት ጉዳይ ሳስብ ግን በመልሴ ሙሉ በሙሉ አልጸናም፤ ሌሊት የሚሠራ ሰው ቀን ቢሮ ለቢሮ ለመመላለስ ጉልበቱም ፈቃዱም ከየት ይመጣለታል? ስለዚህ ለቁጥጥር ፋብሪካ ስትሄዱ የደመወዝ መክፈያ ሰነዱን አይታችሁ ብቻ አትመለሱ። ፈረቃ ሲቀየር ጠብቃችሁ፣ አለቆች በሌሉበት፣ በቃል ብቻ «ይከፈላችኋል» የተባሉት ነገር ካለ ሠራተኞቹን ጠይቋቸው፤ ካለም በዚያው ሳምንት አቤቱታቸውን በጽሑፍ እንዲያስገቡ አግዟቸው።