መልስ፦ በማይል ትኬት አዲስ አበባ ማደር ይቻላል?

እህቴ፣ ከዋሽንግተን በማይል ትኬት (በገንዘብ ሳይሆን ባጠራቀምሽው የበረራ ነጥብ በሚገኝ ትኬት) ለጥምቀት ጎንደር ስትመጪ አዲስ አበባ እናትሽ ጋ ሁለት ሌሊት ማደር ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ቁልፉ 24 ሰዓት ነው። በዓለም አቀፍ ጉዞ ከዚያ ካነሰ መሸጋገሪያ ነው፤ ካለፈ ቆይታ ይባላል። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት አርፈሽ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ወደ ጎንደር አጼ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ ብትበሪ መሸጋገሪያ ነው። 3 ሰዓት ከሆነ ግን ቆይታ ሆነ። ያንቺ ሁለት ሌሊትም ያው ቆይታ ነው።

ቆይታን የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው ማይሉን ያጠራቀምሽበት ድርጅት ነው፣ የምትበሪበት አይደለም። ማይልሽ የኤር ካናዳ (የካናዳ አየር መንገድ) ነጥብ ከሆነ በአንድ መንገድ ጉዞ 5,000 ነጥብ ጨምረሽ መቆየት ትችያለሽ። የጎንደሩን ትኬት ለብቻው ከገዛሽ ደግሞ በቂ ጊዜ ተዪ፤ የመጀመሪያው በረራ ከዘገየ ሁለተኛው አይጠብቅሽም። ብቻ እባክሽ ቶሎ ያዢ፣ ለጥር 11 ወንበር ቶሎ ያልቃል።